ዕረፍት የሌለው ዕረፍት፤ የሱፐር ቦውል የመሐል ትርኢት ታሪክ

«ከዕረፍት በፊት አንድ ለዜሮ ይመሩ ነበር፤ ከዕረፍት መልስ ግን…» የሚለውን አነጋገር በሬዲዮ ሳይሰማ ያደገ የኳስ ወዳጅ በሀገራችን አይገኝም። አማርኛ በሁለቱ የጨዋታ አጋማሾች መካከል ላለችው አጭር ጊዜ የሰጣት ስም «ዕረፍት» የሚል ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ሃፍታይም» ሲሉ ጊዜው ለሁለት መከፈሉን ብቻ ይናገራሉ፤ የእኛ ቃል ግን በዚያች ጊዜ ሰው ምን ማድረግ እንደሚገባው ጭምር ይነግረናል። ማረፍ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ አሜሪካ ስፖርት የሚተርክ አንድ ዘጋቢ ፊልም ወደ አማርኛ እንድመልስ ተሰጥቶኝ ነበር። «ሃፍታይም ሾው» ከሚለው ሐረግ ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። «የዕረፍት ሰዓት ትርኢት» ብዬ ጻፍሁ፤ አነበብሁት፤ ሰረዝሁት። በምስሉ ላይ የማየው ነገር ዕረፍት አይመስልም ነበርና። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች የመድረክ ክፍሎችን እየገፉ በሣሩ ላይ ይሮጣሉ፤ ርችት ይተኮሳል፤ ጨፋሪዎች በላብ ተጠምቀዋል። በመጨረሻ የተሻለ ቃል ስላጣሁ የሰረዝሁትን መልሼ ጻፍሁት። ጥያቄው ግን አብሮኝ ቀረ። በዚህ ዕረፍት የሚያርፈው ማን ነው? የሚሠራውስ? ለማንስ ነው የሚሠራው? ይህ ጽሑፍ ያንን ጥያቄ ይዞ የአንድን ትርኢት ታሪክ ይከተላል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

ሱፐር ቦውል የአሜሪካ ብሔራዊ የፉትቦል ሊግ የፍጻሜ ጨዋታ ነው። ስሙ ፉትቦል ይሁን እንጂ ኳሷ ሞላላ ናት፤ ከእግር ይልቅ በእጅ የምትያዝበት ጊዜም ይበዛል። በመደበኛ ጨዋታዎች ዕረፍቱ ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ ሦስት ደቂቃ ይፈጃል፤ በፍጻሜው ቀን ግን ወደ ግማሽ ሰዓት ይጠጋል። ይህ ጊዜ የተራዘመው ተጫዋቾቹ የበለጠ ስለሚደክሙ አይደለም። ከመካከሉ አሥራ ሁለት ወይም አሥራ ሦስት ደቂቃ ለሙዚቃ ስለተሰጠ ነው።

ከውሻ ዋጋ ያነሰ ቡድን

የዚህን ልማድ ሥር የሚፈልግ ሰው ከመጀመሪያው ሱፐር ቦውል አርባ አምስት ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ይኖርበታል። በ1922 በኦሃዮ ግዛት ላሩ በምትባል ትንሽ መንደር ዋልተር ሊንጎ የሚባል የውሻ አርቢ ይኖር ነበር። የሚያረባቸው ኤርዴል የተባሉ ዝርያዎች ሲሆኑ ገበያቸውን ለማስፋት የሚያስችል ዘዴ ይፈልግ ነበር። ያገኘው ዘዴ የፉትቦል ቡድን መግዛት ሆነ። በ1912 በስቶክሆልም ኦሊምፒክ ሁለት ወርቅ ያገኘውን ጂም ቶርፕን አሠልጣኝና ተጫዋች አድርጎ ቀጠረ፤ ቡድኑንም በሙሉ እንደ ቶርፕ ካሉ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ተወላጆች አቋቋመ። ስሙንም በውሻ ማርቢያው ስም «ኦራንግ ኢንዲያንስ» አለው። ለሊጉ የከፈለው መመዝገቢያ 100 ዶላር እንደ ነበረ፣ አንድ ኤርዴል ግን 150 ዶላር ያወጣ እንደ ነበረ ይነገራል።

በዕረፍት ሰዓት ተጋጣሚው ቡድን ወደ መልበሻ ክፍል ገብቶ ሲያርፍ የኦራንግ ተጫዋቾች ሜዳው ላይ ይቀሩ ነበር። የአባቶቻቸውን ጭፈራ ይጨፍራሉ፤ መጥረቢያ ይወረውራሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ ከድብ ጋር ይታገላል፤ ውሾቹም ችሎታቸውን ያሳያሉ። ከዚያም ላባቸው ሳይደርቅ ሁለተኛውን አጋማሽ ይጫወታሉ። አብዛኛውን ጨዋታ መሸነፋቸው ሊያስገርም አይገባም። ለባለቤቱም ሽንፈቱ ጉዳዩ አልነበረም፤ ሰው ውሾቹን ካየ በቂው ነበር። ቡድኑ ሁለት የውድድር ዘመን ብቻ ቆይቶ በ1923 መጨረሻ ተበተነ። በአሜሪካ ፕሮፌሽናል ፉትቦል የመጀመሪያው የዕረፍት ትርኢት ተብሎ የሚጠቀሰው ይህ ነው። በኋላ የሚመጣው ሁሉ በዚህ ውስጥ በትንሹ ይታያል፤ የሚሸጥ ዕቃ፣ የሚሸጠው ሰው፣ ሌላው ሲያርፍ የሚደክመውም ሰው።

የተማሪዎች ዘመን

ጥር 15 ቀን 1967 የመጀመሪያው ሱፐር ቦውል በሎስ አንጀለስ ሲካሄድ የዕረፍቱ ባለቤቶች ተማሪዎች ነበሩ። በአሜሪካ ኮሌጆች የማርሽ ባንድ በሜዳ ላይ ቅርጽ እየሠራ መጫወቱ ከሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ጀምሮ የቆየ ልማድ ነውና ሊጉ ሌላ መፈለግ አላስፈለገውም። የአሪዞና ዩኒቨርሲቲና የግራምብሊንግ ኮሌጅ ባንዶች፣ የኒው ኦርሊንስ ትራምፔት ነፊው አል ኸርት፣ በጀርባቸው በታዘለ ሮኬት ወደ ሰማይ የሚነሡ ሁለት ሰዎች፣ ርግቦችና በሺህ የሚቆጠሩ ፊኛዎች ነበሩ። ከስታዲየሙ መቀመጫ ሢሶ ያህሉ ባዶ ነበር። ጨዋታውን ሁለት ጣቢያዎች በአንድነት ያስተላልፉት ነበር፤ አንደኛው ከማስታወቂያ ሳይመለስ ሁለተኛው አጋማሽ በመጀመሩ ኳሷ እንደገና እንድትመታ ተደረገ። ጨዋታው ለቴሌቪዥን ሲል የቆመበት ይህ አጋጣሚ ያኔ እንደ ቀልድ ታለፈ።

ግራምብሊንግ በሉዊዚያና የሚገኝ የጥቁሮች ኮሌጅ ነው። በአሜሪካ የዘር መድልዎን የሚከለክለው የሲቪል መብቶች ሕግ ከወጣ ገና ሦስት ዓመት ባልሞላበት በዚያ ጊዜ የጥቁር ተማሪዎች ባንድ በመላ ሀገሪቱ መስኮት መታየቱ ቀላል ነገር አልነበረም። በ1969 ተራው የፍሎሪዳ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ይህን ባንድ ከ1946 ጀምሮ የገነቡት ዊልያም ፎስተር ሲሆኑ በፍጥነት እየተራመዱና እየጨፈሩ የመጫወትን ስልት ለመላ የአሜሪካ ባንዶች እንዳስተማሩ ይመሰከርላቸዋል። ሱፐር ቦውል ወደ ኒው ኦርሊንስ በሄደ ጊዜ ደግሞ የዕረፍቱ ሰዓት የመታሰቢያ ሰዓት ሆነ። በ1972 ከጥቂት ወራት በፊት ላረፈው ሉዊ አርምስትሮንግ ኤላ ፊትዝጀራልድ ዘፈነች፤ በ1975 ለዱክ ኤሊንግተን መታሰቢያ ልጁ መርሰርና የግራምብሊንግ ባንድ ተጫወቱ። ይህን ዘመን ማሞገስ ቢያሻን ምክንያቱ ይህ ነው። ሜዳው ገና ውድ ስላልነበረ ለተማሪና ለሙታን ይበቃ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው የፈገግታ ዘመን ነው። «አፕ ዊዝ ፒፕል» የተባለ የወጣቶች ቡድን በ1976፣ በ1980፣ በ1982 እና በ1986 አራት ጊዜ ቀረበ። ከቬትናም ጦርነትና ከኒክሰን ውድቀት በኋላ የመጣ ስለነበረ ማንንም የማያስቆጣ፣ ሁሉም የሚያጨበጭብለት ደስታ ይፈለግ ነበር። በ1988 ሰማንያ ስምንት ግራንድ ፒያኖዎች ሜዳ ላይ ተደረደሩ። በ1989 ኤልቪስ ፕሪስሊን የሚመስል አስማተኛ ወጣ፤ ተመልካቹም ልዩ መነጽር አድርጎ እንዲያየው ተጠየቀ። በ1991 ግን የባሕረ ሰላጤው ጦርነት እየተካሄደ ስለነበረ የቴሌቪዥን ጣቢያው በዕረፍቱ ሰዓት የጦርነቱን ዜና አስተላለፈ፤ የሕፃናትና የወጣቶቹን ትርኢት ያሳየው ከጨዋታው ፍጻሜ በኋላ ነው። የፈገግታውና የዓለሙ ርቀት እንደዚያች ሌሊት ጎልቶ የታየበት ጊዜ የለም።

አንድ ደቂቃ ተኩል ዝምታ

ለውጡን ያመጣው ግን ሐፍረት አልነበረም፤ ውድድር ነበር። በ1992 በሚኒያፖሊስ በረዶን ርእሰ ጉዳዩ ያደረገ ትርኢት ሲቀርብ ፎክስ የተባለው አዲስ ጣቢያ በዚያው ሰዓት «ኢን ሊቪንግ ከለር» የተሰኘውን አብዛኞቹ ተዋንያኑ ጥቁሮች የሆኑትን የቀልድ ፕሮግራሙን በቀጥታ አሠራጨ። ጨዋታው እስኪቀጥል ስንት ደቂቃ እንደቀረ የሚያሳይ ሰዓትም በማዕዘኑ ላይ አስቀመጠለት። ከሃያ ሚሊዮን በላይ ሰው ጣቢያውን ቀየረ። ሊጉም ያኔ አንድ ነገር ተገነዘበ፤ የሚያርፍ ተመልካች የሚሸሽ ተመልካች ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ማይክል ጃክሰን ተጠራ። ቦታው ፓሳዲና፣ የሎስ አንጀለስ ጎረቤት ናት፤ ከዘጠኝ ወር በፊት በፖሊሶች የፍርድ ሂደት ምክንያት በተነሣው ሁከት ከተማዋ ተቃጥላ ነበር። ዘፋኙ ክፍያ አልወሰደም፤ ሊጉና ስፖንሰር አድራጊው የድንች ቺፕስ አምራች ለሕፃናት መርጃ ድርጅቱ 100 ሺህ ዶላር ሰጡ። ጃክሰን ከመድረኩ ወለል ብድግ ብሎ ወጣ፤ ከዚያም ቆመ። አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል አልተነቃነቀም። በዓለም ላይ ዋጋው እጅግ ከናረ የቴሌቪዥን ጊዜ አንድ ደቂቃ ተኩሉን ዝም ብሎ አሳለፈው። በመጨረሻም 3,500 የከተማዋ ሕፃናት አጅበውት ዘፈኑ። ጨዋታው 52 ለ 17 በሆነ ውጤት የተጠናቀቀ፣ ብዙ የማያጓጓ ነበር፤ ተመልካቹ ግን በዕረፍት ሰዓት ከመቀነስ ይልቅ ጨመረ።

ፊልሙን ስተረጉም ከዚህ ምስል ላይ ብዙ ቆይቻለሁ። በዕረፍት ሰዓት በእውነት ያረፈ ሰው ካለ በዚያች ደቂቃ ተኩል ጃክሰን ነበር እላለሁ። ነገር ግን ያ ዕረፍት ራሱ የታላቅ ሥራ ክፍል ነበር። ከዚያ ወዲህ የተማሪ ባንድ ዋና እንግዳ ሆኖ የሚጠራበት ዘመን እያበቃ ሄደ፤ ሜዳው የከዋክብት ሆነ።

የስም ዝርዝርና ግማሽ ሴኮንድ

ከዋክብቱ ለዚህ ትርኢት እስከ ዛሬ የዘፋኝነት ክፍያ አይከፈላቸውም፤ ሊጉ የዝግጅቱን ወጪ ይሸፍናል፣ እነርሱም ታይተው ይጠቀማሉ። ከእኛ አዝማሪ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። አዝማሪ በሰው ድግስ ላይ ይጫወታል፤ ጋባዡን ያወድሳል፤ ጥበቡ ግን በውዳሴው ሰም ውስጥ ወርቁን ደብቆ ማለፉ ላይ ነው። በሱፐር ቦውልም ጥያቄው አንድ ነው። ድግሱ የሌላ ሰው ሆኖ ሳለ ዘፋኙ የራሱን ቃል እንዴት ያስገባል?

በየካቲት 2002 ዩቱ የተባለው የአየርላንድ ባንድ ሲጫወት ከኋላው በተዘረጋ ግዙፍ መጋረጃ ላይ ከአምስት ወር በፊት በመስከረም 11 ጥቃት የሞቱ ሰዎች ስም እያለፈ ነበር። ጋባዡና ዘፋኙ በአንድ ሐዘን ተስማምተው ስለነበረ ማንም ቅር አልተሰኘም። ከሁለት ዓመት በኋላ በሂውስተን የሆነው ግን ሌላ ነው። ጀስቲን ቲምበርሌክ የጃኔት ጃክሰንን ልብስ ሲስብ ጡቷ ለግማሽ ሴኮንድ ያህል ታየ። ከ540 ሺህ በላይ አቤቱታ ለመንግሥት ቀረበ፤ ጣቢያው 550 ሺህ ዶላር ተቀጣ፤ ክርክሩ ዓመታት ፈጅቶ ቅጣቱ በፍርድ ቤት ተሻረ። የጃኔት ሥራ በእጅጉ ተጎዳ። ልብሱን የሳበው ቲምበርሌክ ግን በ2018 የዚያው ትርኢት ዋና እንግዳ ሆኖ ተጋበዘ። በአንድ መድረክ ላይ ሁለት ሰዎች ለፈጸሙት ነገር አንዷ ብቻ መክፈሏን ታሪክ መዝግቦታል።

ሊጉም ደንግጦ ለጥቂት ዓመታት ወደ አንጋፋዎቹ ዞረ። ከእነርሱ መካከል በ2007 በማያሚ ዝናብ ውስጥ የተጫወተው ፕሪንስ በብዙዎች ዘንድ ከሁሉ የላቀ ተብሎ ይታወሳል። ያጀበው ባንድ የፍሎሪዳ ኤ ኤንድ ኤም ነበር። ከሠላሳ ስምንት ዓመት በፊት በዚያችው ከተማ የሜዳው ባለቤት የነበረው ባንድ አሁን በአጃቢነት ተመለሰ። በ2024 በላስ ቬጋስ የጃክሰን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ባንድም እንዲሁ ከአሸር ጋር ብቅ ብሏል።

አቤልና ባንዲራው

በ2016 ኮሊን ኬፐርኒክ የተባለ ጥቁር ተጫዋች የዘር በደልን ለመቃወም በብሔራዊ መዝሙር ጊዜ ተንበረከከ፤ በሚቀጥለው ዓመት ቡድን አጣ። ሪሃና ከእርሱ ጋር በማበር የትርኢቱን ግብዣ እንዳልተቀበለች ተናገረች። በ2019 ሊጉ ትርኢቱን እንዲያማክር ከጄይ ዚ ድርጅት ጋር ተዋዋለ። አንዳንዱ ይህን ድል፣ አንዳንዱ ክህደት አለው። ሪሃናም ራሷ በ2023 መጥታ ተጫውታለች።

በዚህ መካከል የካቲት 7 ቀን 2021 ምሽት በታምፓ፣ በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ዘ ዊክንድ በሚል የመድረክ ስም የሚታወቀው አቤል ተስፋዬ ቆመ። በ1990 በቶሮንቶ ከኢትዮጵያውያን ስደተኞች የተወለደ፣ በእናቱና በአያቱ እጅ፣ በአማርኛ አፉን የፈታ ልጅ ነው። በወረርሽኙ ምክንያት ስታዲየሙ ውስጥ የገባው 25 ሺህ ያህል ሰው ብቻ ነበር፤ በቀሩት ወንበሮች ላይ ከካርቶን የተሠሩ የሰው ምስሎች ተቀምጠዋል። አቤል ከራሱ ኪስ 7 ሚሊዮን ዶላር እንደጨመረበት ተነግሯል። ፊታቸውን በፋሻ የጠቀለሉ፣ በእርሱ አምሳል ቀይ የለበሱ ጨፋሪዎች ሜዳውን ሞሉት።

በማግሥቱ ኩራታችን ወሰን አልነበረውም፤ እኔም ከኮሩት አንዱ ነበርሁ። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ምሳሌያችን ግን ከኩራቱ ጋር አብሮ መጣብኝ። ያን ልጅ ያሳደገው የቶሮንቶ ጎዳና ነው፤ መድረኩም የአሜሪካ ነው። የእኛ ድርሻ አያቱ የሰጡት ቋንቋ ነው፤ ይህም ትንሽ አይደለም። በዚያች ሌሊት በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ነበር። በሚያዝያ ወር በጦርነቱ ለተጎዱት በዓለም የምግብ ፕሮግራም በኩል 1 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። በመድረኩ ላይ ያልተነገረው ቃል ከመድረኩ ከወረደ በኋላ ተነገረ ማለት ይቻላል።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ የካቲት 9 ቀን 2025፣ ቃሉ መድረኩ ላይ ወጣ። በኒው ኦርሊንስ ኬንድሪክ ላማር ሲዘፍን ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ የለበሱ ጨፋሪዎች የአሜሪካን ባንዲራ በሰውነታቸው ሠርተው ነበር። በዚያ መካከል ከሜዳው ጨፋሪዎች አንዱ «ሱዳን» እና «ጋዛ» የሚል የተጻፈበት፣ የሁለቱን ሕዝቦች ባንዲራ ያጣመረ ጨርቅ አውጥቶ አውለበለበ። ጠባቂዎች አባረው ያዙት፤ ሊጉም ከስታዲየሞቹ ሁሉ ለዕድሜ ልክ አገደው። ትርኢቱን 133.5 ሚሊዮን ሰው አይቶታል። ከ2023 ሚያዝያ ጀምሮ በጎረቤታችን ሱዳን የሚካሄደውን ጦርነት ዓለም ችላ ባለበት ጊዜ፣ ያንን ስም በዚያ ሜዳ ላይ ያወጣው ኮከቡ አልነበረም። ስሙ በማስታወቂያው ላይ ያልተጻፈ አንድ አጃቢ ነበር።

እነዚህ አጃቢዎች ምን ያገኙ ነበር? በ2022 በርካታ የሜዳ ጨፋሪዎች ያለ ክፍያ ለብዙ ቀናት እንዲለማመዱ መጠየቃቸው በባልደረቦቻቸው ተቃውሞ አደባባይ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ እንዲከፈላቸው ተስማሙ። ለሠላሳ ሴኮንድ ማስታወቂያ በ1967 ወደ 40 ሺህ ዶላር፣ በ2025 እስከ 8 ሚሊዮን ዶላር የሚጠየቅበት ድግስ ነው።

ወደ እኛ ኳስ

አንባቢ «ይህ የአሜሪካኖች ነገር ነው» ሊል ይችላል። ነገር ግን መንገዱ ወደ እኛ ኳስም ደርሷል። በሐምሌ 2024 በማያሚ በተካሄደው የኮፓ አሜሪካ ፍጻሜ ለሻኪራ ዘፈን ሲባል ዕረፍቱ ወደ ሃያ አምስት ደቂቃ ተራዘመ፤ የኮሎምቢያው አሠልጣኝ ኔስቶር ሎሬንዞ የተጫዋቾቹ ሰውነት እንደሚቀዘቅዝ በመግለጽ ቅሬታቸውን አሰምተው ነበር። በሐምሌ 2025 የክለቦች የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ናይጄሪያዊቷ ቴምስ ከሌሎች ጋር ሆና ዘፈነች። በዚያው ዓመት ፊፋ በ2026ቱ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜም የዕረፍት ትርኢት እንደሚኖር አስታወቀ።

የእግር ኳስ ሕግ ሰባተኛው አንቀጽ ተጫዋቾች ከአሥራ አምስት ደቂቃ ያልበለጠ ዕረፍት የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ቃሉ «መብት» መሆኑን ልብ ይሏል። ሕጉን የጻፉት ሰዎች ያቺን ጊዜ የሚያዩዋት እንደ አማርኛችን ነበር፤ የደከመ ሰው ንብረት አድርገው ነው። አሁን ንብረቷ እየተሸጠ ነው። የሚያስደስት ዘፈን ይሰማባታል፤ አልክድም። አንዳንዴም ወርቅ የሆነ ቃል ይወጣባታል። ግን ከኦራንግ ተጫዋቾች ጀምሮ ዋጋውን የከፈለው ሜዳ ላይ የቀረው ሰው ነው።

በልጅነቴ በአዲስ አበባ ስታዲየም ዳኛው ለዕረፍት ሲነፋ ሁላችንም እግራችንን ዘርግተን እንቀመጥ ነበር። ሙዚቃ ትዝ አይለኝም። የሚታወሰኝ በወንበሮቹ መካከል ቆሎና ኦቾሎኒ በጉዝጓዝ ይዘው እየተሯሯጡ የሚሸጡ የእኔ እኩያ ልጆች ናቸው። እነርሱ የጨዋታው ሰዓት ላይ ቁጭ ይላሉ፤ ዕረፍቱ ሲመጣ ሥራቸው ይጀምራል። ያኔ ጠጋ ብዬ ስሙን አልጠየቅሁትም ከመካከላቸው አንዱን። «የዕረፍት ሰዓት ትርኢት» የሚለውን ሐረግ በትርጉሜ ውስጥ የተውሁት፣ እየዋለ ሲያድር፣ ትክክል መስሎ ስለታየኝ ነው። ዕረፍት ሁልጊዜ የአንዱ ዕረፍትና የሌላው ሥራ ነው፤ ትርኢቱን ስናይ ሠሪውንም እንድናይ ከሆነ ቃሉ ይብቃን።